ሃያኛዋ ጠጠር

በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ምንጭ የላይኛውን ውኃ ሰው፣ የታችኛውን ከብት በሚጠጣበት አጥቢያ፣ ደምለው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሚስቱ ስመኝ ሸክላ ትሠራለች፤ እሱ አፈሩን ይቆፍራል፣ የተተኮሰውን ተሸክሞ ገበያ ያወጣል። ደምለውና የስመኝ ዘመዶች ውኃ የሚቀዱት ከታች ነበር፤ ከከብቶቹ ጋር።

ምክንያቱ አሮጌ ነው። በቅድመ አያቶች ዘመን፣ በአንድ ክረምት፣ ንዳድ ገብቶ ልጆችን ጠራርጎ ወሰደ። በዚያ ሰሞን ላቀች የምትባል ሸክላ ሠሪ ማሰሮ ይዛ ወደ ምንጩ ስትወርድ ታየች። ቸኮል የሚባል ገበሬ ተነሥቶ፣ «ውኃውን የመረዘችው እሷ ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ላቀች ከምንጩ ተባረረች። በምንጩ ዓይን ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጋደመ። «የመርዙ ማሰሮ ከሥሩ አለ፤ ድንጋዩን ያነሣ ይቀሠፋል» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የላቀች ዘርም ከእነሱ የተጋባም ከታች ይቀዳል፤ የላይ ቤት ሰውም ልጃቸውን ክርስትና አያነሣም።

ደምለውና ስመኝ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙ ቢያድግልኝ። በጋው ሲበረታ የታችኛው ውኃ በከብት ኮቴ ተቦክቶ ጭቃ ሆነ። ልጁ ከዚያ ጠጣ። ተቅማጥ ያዘው። ሳምንት ሳይሞላ ሞተ።

ደምለው ልጁን ታቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መንገዱ በላይኛው ምንጭ በኩል ነበር። ውኃው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ቆሞ አየው። የሞተ ልጅ ከተኛ ልጅ ይከብዳል፤ ቢሆንም አላስቀመጠውም። ከኋላው ያለው ሰው «ሂድ እንጂ» እስኪለው ድረስ ቆመ።

በሣልስቱ የላይ ቤት ሰዎችም ሊያስተዛዝኑ መጡ። አለቀሱ፤ ከቤቱ ግን እህልም ውኃም አልቀመሱም። የአጥቢያው ዳኛ ግራዝማች እንግዳ «እግዜር ያጽናህ» ብለው ሊነሡ ሲሉ ደምለው ብድግ አለ።

«ግራዝማች፣ ላቀች መርዛለች?»

«ምን አልህ?»

«ልጄ የሞተው ላቀች መርዛለች ተብሎ ነው። እንግዲያው ልወቀው። መርዛ እንደሆነ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ካልመረዘች ልጄን ማን ገደለው?»

የሚያለቅሱት ሴቶች እንኳ ቀና ብለው አዩት። ያንን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ኀዘን ነው የሚያናግርህ፤ ተቀመጥ» አሉ ግራዝማች።

«አልቀመጥም። ስመኝ ነፍሰ ጡር ናት። የሚወለደው ልጅ ያንን ጭቃ አይጠጣም። ስለት ይሁንብኝ፤ እውነቱን አውጥቶ የላይኛውን ውኃ ያስከፈተልኝ ሰው ልጄን ክርስትና ያነሣል። ለልጄ ሁለተኛ አባት አደርገዋለሁ።»

አንዲት የላይ ቤት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ደግሞ ያንን እንደ ሽልማት!» አለች።

ግራዝማች ግን ዳኛ ናቸውና የተጠየቀውን መመለስ ነበረባቸው። «ስማኝ ደምለው። ይህን ነገር ዛሬም ያሉት ሰባት ሽማግሌዎች ምለውበታል። ሰባት ሰው የማለበት ነገር የሚፈርሰው በአንድ መንገድ ነው። ከከሳሹ ከቸኮል ዘር የሆነ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ፣ ‹ላቀች እንዳልመረዘች አውቃለሁ› ብሎ ሲምል ነው። ‹ይመስለኛል› መሐላ አይደለም።»

የቸኮል የልጅ ልጅ ልጆች ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሦስቱም እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሦስቱም ተነሥተው ወጡ።

ታላቁ ይርዳው ነው። ሀብቱ ማስታወስ ነው። ሰው ሲጋባ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው እሱ ነው። የማንን አያት ማን እንደወለደው ከራሱ ከባለቤቱ ይበልጥ ያውቃል።

ይርዳው ሰባቱን ሽማግሌዎች በየቤታቸው ዞረ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ከማን ሰሙ?»

«ከአባቴ ነዋ» አሉት አያ ውቤ።

«አባትዎስ?»

«ከአያቴ።»

«አያትዎ የማን ባልንጀራ ነበሩ?»

«የቸኮል። ምነው፣ ልታገባን ነው እንዴ እንዲህ የምትቆጥረን?»

ይርዳው አልሳቀም። አንደኛው ከአባቱ፣ አንደኛው ከእናቱ፣ አንደኛው ከጎረቤት ሰምቷል። እያንዳንዱን ወደ ኋላ ሲከተለው ያው የቸኮል ደጅ ላይ ይደርሳል። ከሰባቱ አንዱም ከሌላ ሰው አልሰማም። ሰባት አፍ፣ አንድ ዓይን።

ሲመለስ መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ ልጅ ሆኖ ያጠናውን የዘር ቆጠራ ለራሱ ደገመው። «ላቀች አራት ወለደች፤ ሦስቱ በንዳዱ ክረምት አለፉ፤ ከአንዱ ዘር ቆመ።» ይህን በየሠርጉ ብሎታል። አንድም ቀን አልሰማውም ነበር። የራሷ ሦስት ልጆች! ቀጠለ፤ «ቸኮል አምስት ወለደ፤ ሁለቱ በንዳዱ ክረምት አለፉ።» አፉን በእጁ ያዘ።

መካከለኛው ስንሻው ነው። ሀብቱ ጉልበት ነው፤ ብዙ አይናገርም። በጠራራ ፀሐይ ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ምንጩ ወረደ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲያውቁ ጮኹ።

«ስንሻው! ኧረ ስንሻው! ልጆችህን አስብ!»

«ድንጋይ ነው» አላቸው።

ድጅኖውን ከሥሩ ሰክቶ ፈነቀለው። ድንጋዩ ተነሣ፣ ተንሸራተተ፣ ቀኝ እጁ ላይ ተመልሶ ወደቀ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት በግራ እጁ አፈር እየዛቀ ነበር።

ከድንጋዩ ሥር የመርዝ ማሰሮ አልተገኘም። የተገኘው የሸክላ ቦይ ነው። ክንድ ክንድ የሚያህል፣ በደንብ የተተኮሰ፣ አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ የተሰካ። ከኮረብታው ሆድ ተነሥቶ የላይ ቤት ሰዎች እስከሚቀዱበት ድረስ ይሄዳል። ከዓለት የሚፈልቅ ሲመስላቸው የኖረው ውኃ በሸክላ ውስጥ ሲሄድ ኖሯል። በየቦዩ አፍ ላይ ሦስት የጣት አሻራ አለ፤ ሁለት ጎን ለጎን፣ አንድ ከሥር።

ስመኝን ጠሯት። ከነሆዷ ቀስ ብላ ወረደች። ሦስት ጣቶቿን አሻራው ላይ አሳረፈች። ልክ ገቡ።

«የእኛ ቤት ምልክት ነው። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለች።

አንዲት አሮጊት የሞላ እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያማ እስከ ዛሬ የጠጣነው ከላቀች እጅ ነው» አለች። ቦዩን የዘረጋችውን ሴት ከቦዩ አባረዋት ነበር።

ወጌሻው የስንሻውን ሦስት ጣቶች ሊያድናቸው አልቻለም። እርፍ የሚይዝበት እጁ ነበር። «ድንጋዩ ቀሠፈው፤ አላልናችሁም?» የሚል ወሬ በየደጁ ዞረ።

ታናሹ ልየው ነው። ሀብቱ ማመዛዘን ነው። ሰው ግን እንዲህ አይለውም፤ ቀኑን ሙሉ ገበጣ ስለሚጫወት «የጠጠር እረኛ» ይለዋል። በገበጣ ያሸነፈው ሰው የለም። ባላጋራው የሚጫወተውን ብቻ ሳይሆን ሊጫወት የሚችለውን ሁሉ ይቆጥራልና።

ልየው ወደ ሐሙስ ገበያ ሄደ። ከዚያች ምንጭ የማይጠጡ፣ ከሌላ አጥቢያ የመጡ ሰዎችን ፈልጎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«በንዳዱ ክረምት በእናንተም አገር ልጆች ሞተዋል?» አለው አንዱን ጨው ሻጭ።

«ሞተዋል እንጂ! አያቶቻችን ሲነግሩን ቀባሪ ጠፍቶ ነበር።»

«ከምን የተነሣ?»

«አንድ ቀጥቃጭ ነበር። ወንዙ ውስጥ አንድ ነገር ጣለ።»

«ማን አየው?»

«ቅድመ አያቴ! በዓይኑ!»

በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሰምታ፣ «ኧረ ተወው፣ የእኛ ይብሳል» አለች። «የእኛ ፋቂ ነበር። ኩሬው ላይ ቆዳ አጠበበት። ያየችው ያባቴ አክስት ናት።»

«የእኛስ ሸማኔ!» አለ ሌላው።

ልየው ከአሥራ ሁለት አጥቢያ ሰዎች ጋር ተነጋገረ። አሥራ ሁለቱም ንዳዱ ገብቶባቸዋል። አሥራ ሁለቱም አንድ አንድ ገዳይ አላቸው። ሁሉም «በዓይኔ አየሁ» የሚል አንድ ሰው አላቸው። የተጠረጠረው ሁልጊዜ ቀጥቃጭ ነው፣ ፋቂ ነው፣ ሸማኔ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነው። ገበሬ የተጠረጠረበት አገር አላገኘም። መጨረሻ ላይ ቆሞ ገበያውን አየው። ሰዎቹ ይሻሻጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ፀሐይ መታህ?» አለችው በርበሬ ሻጯ።

«አሥራ ሁለት መርዘኛ በአንድ ክረምት?» አላት።

የዳኝነቱ ቀን አጥቢያው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰበሰበ። ቄስ መርሻ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ሰባቱ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ ደምለውና ስመኝ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ይርዳው ያስታወሰውን ተናገረ። ስንሻው አንድ ቦይ አምጥቶ መካከል ላይ አስቀመጠ፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ልየው የገበያውን ነገረ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ ወዲህ ሲል አንዱ ወዲያ።

«መንገዱን የሠራች መርዙንም ማስገቢያ ታውቃለች!» አለ አንዱ።

«የስንሻው እጅስ? ድንጋዩ ለምን በላው?» አለ ሌላው።

ልየው ገበጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሳቅ ሆነ።

«ይኸው መጣልህ፣ የጠጠር እረኛ! ልታጫውተን ነው?» አሉ አያ ውቤ።

«ላሳያችሁ» አለ ልየው። ሃያ ጠጠር አወጣ። አሥሩን በቀኙ ጉድጓድ፣ አሥሩን በግራው አደረገ። «ቀኙ ላቀች የመረዘችበት አገር ነው። ግራው ያልመረዘችበት። ማንንም ሳልሰማ እኩል አድርጌ ጀመርሁ። ከዚያ ስለ ሰማሁት ስለ እያንዳንዱ ነገር፣ ‹በየትኛው አገር ይበልጥ ይሰማል?› ብዬ እጠይቃለሁ። ባደላው መጠን ወዳደላበት ጠጠር አነሣለሁ። በሁለቱም እኩል ከተሰማ ምንም አላንቀሳቅስም።»

«ሰባቱ ሽማግሌዎችስ?» አሉ ግራዝማች።

«ሰባት ሰው ለየብቻው አይቶ ቢሆን ሁሉንም ወደ ቀኝ በወሰድሁ። ያየው አንድ ነው፤ ቸኮል። ስለ ቸኮል ሦስት ጠጠር ወደ ቀኝ።» አነሣ። «ግን አሥራ ሁለት አገር አሥራ ሁለት ቸኮል አለው። ‹አየሁ› ባይ መርዝ በሌለበትም ይበቅላል። ሦስቱም ይመለሱ።» መለሰ። «ንዳዱ ከዚህች ምንጭ የማይጠጣውንም ገድሏል። ንዳድ በራሱ በሚመጣበት አገር እንዲህ ይሆናል፤ በመርዝ አገር ግን እንዴት ይሆናል? አራት ጠጠር ወደ ግራ። ላቀች ሦስት ልጆቿን ቀብራለች። የራሷን ልጆች የምታጠጣውን ውኃ የምትመርዝ እናት በሺህ አገር ስንት ትገኛለች? አራት ወደ ግራ። ቦዩን የዘረጋች እሷ ናት። የሠራውን የሚያበላሽ ሰው አለ፤ ግን ከማያበላሸው ያንሳል። አንድ ወደ ግራ።»

«መርዙ ከሥሩ ነበረ ከተባለስ» አሉ ቄስ መርሻ እያሰቡ፣ «እስከ ዛሬ እንዴት ጠጣነው?»

«ተባርኮ ነዋ፣ አባ!» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ አልባረክሁትም» አሉ ቄሱ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረ።

«የወንድምህ እጅስ?» አሉ ግራዝማች።

ልየው ወደ ስንሻው ዞሮ አየ። ዓይኑ ሞላ። «ድንጋይ በእውነት አገርም በሐሰት አገርም እጅ ይቀጠቅጣል። ለወንድሜ ጠጠር አላነሣም።»

ሲጨርስ በግራው ጉድጓድ አሥራ ዘጠኝ ጠጠር ነበር። በቀኙ አንድ ቀረች።

ግራዝማች ጎንበስ ብለው አዩ። «ይቺስ?»

«እሷ ትቀመጣለች።»

«ለምን?»

«ላቀች በዚያ ሰሞን ማሰሮ ይዛ ወደ ምንጩ ወርዳለች። ይህን ዘሮቿም አይክዱም። ምን ልታደርግ እንደ ወረደች ግን የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።»

«እንግዲህ ትምላለህ?»

«አሥራ ዘጠኙን እምላለሁ።»

ጉባኤው በሳቅና በጩኸት ተናጋ። «መሐላ በጠጠር!» «አሥራ ዘጠኝ እጅ ክርስቲያን ነኝ እንደ ማለት ነው!» ግራዝማች እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ።

«ልጄ፣ ጥሩ አስበሃል። ነገር ግን ሕጉን ነግሬአችኋለሁ። ‹አውቃለሁ› የሚል ከሌለ የሰባቱ መሐላ ይጸናል። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ።»

ደምለው መጀመሪያ የሰማውን አልተረዳውም። የገበጣውን ጉድጓድ፣ ከዚያ ግራዝማችን፣ ከዚያ እንደገና ጉድጓዱን አየ። ተነሥቶ ልየው ፊት በጉልበቱ ወደቀ።

«ልየው፣ አንሣት። አንዲት ጠጠር ናት።»

«አልችልም።»

«ማን ያይሃል?»

«እኔ አያታለሁ።»

«ያቺ ጠጠር ልጄ ናት! እሷን ብለው ነው ጭቃ ያጠጡት! ለአንዲት ጠጠር ሌላ ልጅ ልቅበር?»

ልየው ያለቅስ ነበር። እንባው ገበጣው ላይ ይንጠባጠባል። እጁን ወደ ጠጠሯ ዘረጋ፣ መለሰ። አላነሣትም። ከላይ ቤትም ከታች ቤትም በዚያች ሰዓት ያልረገመው ሰው አልነበረም።

ያኔ ይርዳው ብድግ አለ። በቄስ መርሻ ፊት ቆመ፣ መስቀሉን ያዘ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አያቴ ሊሞት ሲል ጠርቶ ነግሮኛል። ‹አባቴ ቸኮል ምንም አላየም፤ ሊሞት ሲል ለእኔ ተናዝዟል› ብሎኛል። እስከ ዛሬ ደብቄአለሁ። ብዋሽ የልጆቼን ዕድሜ ይንሣኝ።»

ሴቶቹ «እግዚኦ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። የይርዳው ሦስት ልጆች እዚያው እናታቸው ጎን ቆመው ነበር። ማንም በልጆቹ ዕድሜ እንዲህ በከንቱ አይምልም። ግራዝማች ሰባቱን ሽማግሌዎች አዩ። ሰባቱም መሬት መሬት አዩ። አያ ውቤ፣ «እንግዲህ ምን እንላለን» አሉ።

በዚያው ቀን ስመኝ ከላይኛው ምንጭ ቀዳች። በገዛ እጇ በሠራችው እንስራ።

የላይኛው ውኃ ተከፍቶ በሁለተኛው ወር ወንድ ልጅ ተወለደ። ደምለው ስለቱን ሊፈጽም ተነሣ። ማንን እንደሚጠራ አልተጠራጠረም፤ የማለለትን ነው። የክርስትናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወደ ይርዳው ቤት ሄደ። ሦስቱ ወንድማማቾች ከአጥሩ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ድምፃቸውን ሰምቶ ቆመ።

«አያ ይርዳው፣ አያታችን ሲሞት አንተ አልተወለድህም ነበር» አለ ልየው።

«አውቃለሁ። ዘር ቆጣሪው እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ቢቆጥርስ?»

«ማን ይቆጥራል? የሚቆጥር ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እንዲህ ይሆን ነበር?»

«በልጆችህ ማልህ።»

«በልጆቼ ማልሁ። ሌት ተቀን ግንባራቸውን እዳስሳለሁ፤ ተኮሱ ወይ ብዬ። አንተ አሥራ ዘጠኝ ብለህ በደምለው ላይ በሩን ዘጋህ። እኔ ሃያ ብዬ ከፈትሁለት።»

«ቸኮልም ሃያ ብሎ ነው የዘጋው» አለ ልየው። «እሱም ሁለት ልጆች ቀብሮ የሚጨብጠው ነገር ቢጠፋው ሃያ አለ።»

ስንሻው በቀሩት ሁለት ጣቶቹ ገለባ ይዞ ይቆራርጥ ነበር። «እኔ ድንጋይ ነው ያነሣሁት» አለ። «ሁለታችሁም በምትሉት ነገር አልገባም። ቦዩ ግን እዚያ አለ። ቦዩን ማንም አልማለበትም።»

ደምለው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀረ። አንድ ነገር ገባውና ደነገጠ። ልጁን በቀበረ ማግስት አንድ ሰው መጥቶ «የገደለብህ እገሌ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ቢለው ኖሮ ያምነው ነበር። ድንጋይ አጋድም ቢሉት ያጋድም ነበር። ለሰባት ትውልድ። ሳይጣራ ተመለሰ።

ለስመኝ ነገራት። ስመኝ ልጁን እያጠባች ሰማች።

«ይርዳው መዋሸቱ ቢታወቅስ?» አለች።

«ውኃው ይዘጋል።»

«ልየውን ብትመርጥስ?»

«ሰው ‹የማለለትን ትቶ የከለከለውን ለምን መረጠ?› ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲከር የይርዳው ነገር ይወጣል።»

«ስንሻውን ብትመርጥ ማንም አይጠይቅም።»

«አይጠይቅም» አለ ደምለው። «እሱን የምመርጠው ስለ እጁ ይሁን ወይስ ስለ ፈራሁ፣ እኔው አላውቅም።»

በአርባኛው ቀን ማለዳ ልጁን ይዘው ወጡ። ቄስ መርሻ በገንዳው ውኃ ላይ ጸሎት አድርሰዋል። ውኃው የመጣው ከላይኛው ምንጭ ነው፤ በላቀች ቦይ አልፎ። ሦስቱ ወንድማማቾች ነጠላቸውን አጣፍተው ጎን ለጎን ቆመዋል።

ይርዳው በዚያ ነው፤ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ ነፍሱንና ልጆቹን አስይዞ ውኃውን ያስከፈተ። ያለ እሱ ሕፃኑ ዛሬ ከከብት ጋር ይጠጣ ነበር።

ስንሻው በዚያ ነው፤ ሁሉም የፈራውን ድንጋይ አንሥቶ እጁን የከፈለ። ያለ እሱ የላቀች ሥራ ከመሬት በታች ይቀር ነበር።

ልየው በዚያ ነው፤ ወሬውን ከወሬ ለይቶ እውነቱ ወዴት እንዳደላ ያሳየ፣ ለሚያለቅስ አባት እንኳ ከሚያውቀው አንዲት ጠጠር ያልጨመረ። ያለ እሱ የይርዳው መሐላም የቸኮልን ቃል ሊያፈርስ ባልቻለ፤ ባዶ ቃል በባዶ ቃል ላይ በሆነ።

ቄስ መርሻ ልጁን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሕፃን አፍ የለውምና ክርስትና አባቱ በእሱ ፋንታ «አምናለሁ» ይላል። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዚያ ሰው ቃል ነው።

«ማን ነው በልጁ ፋንታ አምናለሁ የሚለው?» አሉ ቄሱ።

ደምለው ሦስቱንም አየ።

«ተናገር እንጂ» አለችው ስመኝ። «ልጁ በረደው።»

እናንተ የሰማችሁ፣ ልጅ ያላችሁም፣ የቀበራችሁም፣ ፍረዱ። ከሦስቱ ሕፃኑን መታቀፍ የሚገባው ማን ነው?